«እማ ደወለች!»

የክበባችን ጸሐፊ «ለሚቀጥለው እትም ሁላችሁም ከራሳችሁ ሕይወት አንድ ነገር ጻፉ» ስትለን ጓደኞቼ ስለ በዓል፣ ስለ ጉዞ፣ ስለ እግር ኳስ እንጽፋለን አሉ። እኔ ግን የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም የስልክ መጥሪያ ድምፅ ነው፤ ሪንግቶን የምንለው። እባካችሁ ከአሁኑ አትሳቁብኝ። አንድ ሪንግቶን ለማስተካከል ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶብኛል። ለምን እንደዚያ እንደደከምኩ ስታነቡት ይገባችኋል።

እናቴ ያለችው ኩዌት ነው። ሰው ቤት ትሠራለች። ከሄደች አራት ዓመት ሊሞላት ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ደሴ ከአያታችን ጋር እንኖራለን። አያታችንን «እምዬ» ነው የምንላት፣ እናታችንን ደግሞ «እማ»። እማ ስትሄድ ወንድሜ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ስለዚህ እሱ እማን የሚያውቃት በስልክ ነው ማለት ይቻላል።

እማ ቀን ቀን ስልክ መያዝ አትችልም። የምትደውለው አርብ ማታ ነው፤ እራት አቅርባ፣ እቃ አጥባ፣ ልጆቹን አስተኝታ ስትጨርስ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ይሆናል። የኩዌትና የእኛ ሰዓት አንድ ነው። እነሱ 11 ሰዓት ይሉታል እንጂ ጨለማው ያው ነው። እኛ አርብን የምንጠብቀው እንደ ዒድ ነው።

ስልኩ የእምዬ ነው። እማ ራሷ ገዝታ ከሚመጣ ሰው ጋር የላከችው ስማርት ስልክ ነው። የድሮው ስልኳ ቁልፍ ያለው ኖኪያ ነበር። የእሱን ድምፅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአይሲቲ መምህራችን እንደነገረን ያ ዜማ የተወሰደው ፍራንሲስኮ ታሬጋ የተባለ ስፔናዊ ጊታር ተጫዋች በ1902 እ.ኤ.አ. ከሠራው «ግራን ቫልስ» ከሚባል ሙዚቃ ነው። ይህን ለእምዬ ስነግራት «ታዲያ ያ ሰውዬ ይሻል ነበር፣ የዚህኛው ድምፅ የወፍ ነው የሰው አይለይም» አለችኝ። እውነቷን ነው። አዲሱ ስልክ ማንም ደወለ ማን ያው አንድ ዓይነት ጩኸት ነው የሚጮኸው።

ችግሩ የመጣውም በዚህ ነው። እምዬ ማንበብ አትችልም። ዓይኗንም ሞራ ስለጀመረው ስክሪኑ ላይ የደዋዩን ፎቶ ብናደርግላት እንኳ በደንብ አይታያትም። ቀን ቀን እኔ ወይም ወንድሜ «እንትና ነው» እንላታለን። ማታ ግን ስልኩ እሷ ትራስጌ ነው የሚያድረው። እና አንድ ማታ የማታውቀው ሰው ደውሎ «እናቴ፣ ሎተሪ ደርሶዎታል፣ ለማስፈጸሚያ ብር ይላኩ» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ «በሌሊት የሚደውል ሌባ ነው» ብላ ማታ ስልክ ማንሳት ተወች።

እኔስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ከተኛሁ ጦሳ ቢናድ አልሰማም።

በዚህ ምክንያት ሁለት አርብ አለፈን። በመጀመሪያው አርብ እማ ያልደወለች መስሎን አዘንን። በሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን ሳየው ያልተነሳ ጥሪ ሰባት ይላል። ሁሉም የእማ ነው። የድምፅ መልእክትም አለ። ከፈትኩት። «ምን ሆናችሁ? እምዬ ታማ ነው? አትደብቁኝ፣ ንገሩኝ በአላህ» ትላለች። ቀስ ብላ ነው የምታወራው፣ ሰው እንዳይሰማት መሰለኝ። ከኋላዋ የቧንቧ ውሃ ይሰማል። እምዬ «ድገሚልኝ» አለችኝ። ሦስት ጊዜ አሰማኋት። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እኔም በልቤ «እማ ስትደውል ብቻ ለየት ያለ ድምፅ እንዲጮህ አደርጋለሁ» አልኩ። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ነበር የመሰለኝ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ያስቃል። አንዱ የክፍላችን ልጅ «ስልክ ላይ ዘፈን ማስገባት ቀላል ነው፣ መልእክት ትልኪያለሽ፣ በቃ» አለኝ። እንዳለኝ አደረግኩ። ከካርዱ ሒሳብ ተቆረጠ። ደስ ብሎኝ ስልኩ እስኪጮህ ጠበቅኩ። ሲጮህ ግን ያው የድሮው ድምፅ ነው። ማታ የጎረቤታችን ሴትዮ ለቡና መጥተው «እናንተ ቤት ደግሞ ስልኩ ዘፈን ይዘፍናል፣ ምን ተገኘ?» አሉ። ለካ እኔ ያስገባሁት የጥሪ ማሳመሪያ ነው! የጥሪ ማሳመሪያ ማለት የሚደውለው ሰው የሚሰማው ነው። ዘፈኑ ያለው እኛ ስልክ ውስጥ ሳይሆን ከቴሌኮሙ በኩል ነው፤ ለዚህም ነው በየጊዜው የሚያስከፍለው። ሪንግቶን ግን የሚደወልለት ሰው የሚሰማው ነው። እሱ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው፣ ምንም አያስከፍልም። ስለዚህ የሚደውል ሰው ዘፈን ይሰማል፣ እምዬ ደግሞ ደሴ ሆና አታነሳም። ወዲያው አስጠፋሁት። እስክረዳው ድረስ የሄደው ብር ግን ሄደ።

ከዚያ ምን ድምፅ እናድርግ የሚለው መጣ። እኔ መንዙማ አልኩ። እምዬ መንዙማ ስለምትወድ ወዲያው ትሰማዋለች ብዬ ነው። እሷ ግን «አይሆንም ልጄ። መንዙማ ጀምረው በመሀል አይቆርጡትም። ስልኩን ሳነሳው ሊቋረጥ ነው። ደግሞስ ሽንት ቤት ብሆን?» አለች። አስቤው አላውቅም ነበር። ወንድሜ ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ቆይቶ «እኔ ልንገራት!» አለ። «እማ ስትደውል እኔ ለእምዬ ልንገራት!» በቃ፣ መልሱ እሱ ሆነ።

ድምፅ መቅጃውን ከፍቼ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባን፣ የውጭ ጫጫታ እንዳይገባ ብለን ነው። ወንድሜ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ «እማ ደወለች! እምዬ ተነሺ! እማ ደወለች!» አለ። አራት ጊዜ ቀዳን፤ ሁለቱን በሳቅ አበላሸነው።

አሁን እውነተኛው ትግል ተጀመረ።

የስልኩን ሴቲንግ ከፍቼ የሪንግቶን ዝርዝር ውስጥ ስገባ የወንድሜ ድምፅ የለም። ስልኩ ይዞት የመጣው ዝርዝር ብቻ ነው ያለው። ድምፅ መቅጃው ውስጥ ግን አለ፣ ይጫወታል። እዚህ አለ፣ እዚያ የለም። ትምህርት ቤታችን ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ያየሁትን ሁሉ ደብተሬ ላይ ሥዬ ለአይሲቲ መምህራችን አሳየኋቸው። እሳቸውም «ስልክ እንደ ቁም ሳጥን ነው» አሉኝ። «የቀዳሽው ድምፅ አንዱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስልኩ ሪንግቶን ሲፈልግ የሚከፍተው ደግሞ ሌላ መሳቢያ ነው። ሪንግቶንስ የሚል ፎልደር ፈልጊና ኮፒ አድርጊበት።» ቤት ሄጄ ፋይል ማናጀር ከፍቼ ፈለግኩ። ፎልደሩን አገኘሁት፣ ኮፒ አደረግኩት። ዝርዝሩን ስከፍት የወንድሜ ድምፅ ከታች ቁጭ ብሏል። ጮህኩ።

ደስታዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አልቆየም። እኔ ድምፁን ያደረግኩት ለስልኩ በሙሉ ነው። ለእማ ብቻ የማድረጉን ነገር «በኋላ አያለሁ» ብዬ ትቼው ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እምዬ ቡና እያፈላች ሳለ ስልኩ «እማ ደወለች! እምዬ ተነሺ!» ብሎ ጮኸ። እምዬ ከበርጩማዋ ብድግ ስትል ጀበናው በእግሯ ተመታና ተደፋ። አንገቱም ተሰበረ። ፍሙን ተሻግራ መጥታ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ «አቤት ልጄ! አቤት!» አለች። የደወሉት የእድር ሴት ነበሩ። ስለ መዋጮ ነው።

እምዬ ለሴትዮዋ በትሕትና መልሳ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ልጄ፣ ልብ የሚያህል ነገር አይነካካም። የማይሆን ከሆነ ተይው» አለችኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የሰበርኩት ጀበና ብቻ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ ግን አይደለም። «እማ ናት» ተብሎ እማ ሳትሆን መቅረቷ ሰውን እንዴት እንደሚያደርገው ፊቷ ላይ አየሁት። እዚህ ጋ ልተወው ነበር። ያልተውኩት ቀጣዩ አርብ ስለቀረበ ነው።

ለስልኩ በሙሉ የነበረውን ወደ ድሮው መለስኩት። አሁን ለእማ ስም ብቻ ላደርግ ኮንታክት ውስጥ ገብቼ የእማን ስም ከፈትኩ። ሪንግቶን የሚል ነገር የለም። የአጎቴን ስም ስከፍት አለ፤ የእማ ላይ ሲሆን የለም። «ስልኩ እማን ጠላት እንዴ?» አልኩ። እንደገና ወደ መምህራችን ሄድኩ። እሳቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «የእናትሽ ቁጥር የተመዘገበው ሲም ካርዱ ላይ ነው ወይስ ስልኩ ላይ?» እኔ ልዩነት እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር። ሲም ካርድ ላይ የሚመዘገበው በዋናነት ስምና ቁጥር ነው፤ ፎቶና ሪንግቶን የሚያዝበት ቦታ የለውም። የእማ ቁጥር ከድሮው ኖኪያ ጀምሮ ሲም ካርዱ ላይ ነበር፤ የአጎቴን ግን እኔ ነኝ አዲሱ ስልክ ላይ የመዘገብኩት። የእማን ቁጥር ከነ +965 ስልኩ ላይ አዲስ አድርጌ መዘገብኩት። እንዳይምታታ የሲሙን አጠፋሁት። ስከፍተው ሪንግቶን የሚለው መጣ! የወንድሜን ድምፅ መረጥኩ።

አሁን ግን ብልህ ሆኛለሁ። ሳልሞክር አላምንም አልኩ። ጎረቤታችንን አስፈቅጄ መጀመሪያ በሳቸው ስም ላይ ያንኑ ድምፅ አድርጌ «እስቲ ይደውሉልኝ» አልኳቸው። ሠራ። ሌላ ሰው ሲደውል ደግሞ የድሮው ድምፅ ነው። የሳቸውን አጥፍቼ የእማን ብቻ ተውኩ። ለእምዬም ነገርኳት። «እስቲ አላህ ያሳካው» አለች፤ ድምፅዋ ግን ብዙም ያመነችኝ አይመስልም።

አርብ ማታ እንቅልፌን እየታገልኩ ነቅቼ ጠበቅኩ። 5 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ስልኩ ጮኸ። «እማ ደወለች» ግን አላለም። ሌላ ጭራሽ የማላውቀው ድምፅ ነው ያወጣው። እምዬ አልተነሳችም። ሮጬ ሳነሳው እማ ናት! አወራን፣ አልቅሰን ስቀን አወራን። ስለ ሪንግቶኑ ግን ምንም አልነገርኳትም። አፍሬ ነው።

ቅዳሜ ስልኩን ይዤ ፒያሳ ወደ አንድ ስልክ ሠሪ ሄድኩ። «ሪንግቶኑ አልሠራ አለ» አልኩት። ስልኩን አገላብጦ አየና «ሶፍትዌሩ ነው፣ መጫን አለበት» አለኝ። 400 ብር ጠየቀኝ። የያዝኩት 100 ብር ብቻ ነው። «አጎትሽን ይዘሽ ነይ» አለ። ልወጣ ስል እንዲሁ «ሲጫን ስልኩ ላይ ያለው ነገር ይኖራል?» ብዬ ጠየቅኩት። «አይ፣ ሁሉም ይጠፋል፣ እንደ አዲስ ነው የሚሆነው» አለኝ።

አንባቢያን፣ ስልኩ ውስጥ የእማ የድምፅ መልእክቶች አሉ። ወንድሜ ሲታመም የላከችው፣ እኔ ስድስተኛ ክፍልን ሳልፍ እልል ያለችው፣ ሁሉም አለ። ሌላ ቦታ አላስቀመጥናቸውም። አጎቴን ይዤ ሄጄ ሳልጠይቅ ብር ከፍለን ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል። ስልኩን ተቀብዬ ወጣሁ። ሰውየውን አልወቅስም። እኔም ምን እንደሆነ በደንብ አልነገርኩትም። «አልሠራ አለ» ማለት ሐኪም ቤት ሄዶ «አሞኛል» ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው።

ያን ቀን ማታ የአጠቃላይ ሳይንስ መምህራችን ያስተማሩን ነገር ትዝ አለኝ። ባቄላ አብቅለን ነበር። «ውሃውንም ብርሃኑንም አፈሩንም በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የትኛው እንደጠቀመ በምን ታውቃላችሁ? አንድ በአንድ ነው የሚቀየረው» ብለውን ነበር። ደብተሬ ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ «ምን አደረግኩ»፣ «ምን ጠበቅኩ»፣ «ምን ሆነ» የሚል። እንደገና ጎረቤታችንን አስቸገርኩ። መጀመሪያ በተለመደው መንገድ ደወሉ፤ «እማ ደወለች» አለ። (ለሙከራው በስማቸው መልሼ አድርጌው ነበር። እሳቸውም «ዛሬስ እናታችሁ ሆንኩ» ብለው ሳቁ።) ሁለተኛ በዋትስአፕ ደወሉ። ያ የማላውቀው ድምፅ መጣ።

በቃ፣ ገባኝ! ስልኩ አልተበላሸም። ሶፍትዌሩም አልተበላሸም። እማ አርብ የምትደውለው በዋትስአፕ ነው፤ በተለመደው መንገድ መደወል ብዙ ስለሚያስከፍላት። ቤታችን ሁለት በር ያለው ያህል ነው። እኔ ደወሉን ያሰርኩት ባንዱ በር ላይ ነው፣ እማ የምትገባው ግን በሌላኛው ነው። ዋትስአፕ ውስጥ ገባሁ። የእማን ስም ከላይ ስነካው ዝርዝር መጣ። ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን የማሳወቂያ ድምፅ የሚል አለ፤ በውስጡ ደግሞ ለመልእክትና ለጥሪ ለየብቻ ነው። የጥሪውን የወንድሜን ድምፅ አደረግኩት። ሞከርኩት፣ ሠራ። ሠንጠረዡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሠራ» ብዬ ጻፍኩ።

ታሪኩ እዚህ ያለቀ መስሏችሁ ከሆነ አላለቀም። ማክሰኞ አጎቴ መጥቶ ሜሞሪ ካርዱን ፊልም ሊያስጭንበት አውጥቶ ወሰደው። ሐሙስ መለሰው። እኔ እንዲሁ ልሞክረው ብዬ ጎረቤታችንን ሳስደውል ስልኩ የድሮውን ድምፅ አወጣ። በዚህ ጊዜ ግን አላለቀስኩም፣ ደብተሬን ነው ያወጣሁት። ከሰኞ ወዲህ ምን ተቀየረ? አንድ ነገር፤ ሜሞሪ ካርዱ ወጥቶ ገባ። ለካ ፎልደሩን ያገኘሁት ሜሞሪ ካርዱ ላይ ነው። ካርዱ ሲወጣ ድምፁም አብሮ ወጣ፤ ስልኩም የተነገረውን ድምፅ ሲያጣ የራሱን ተጠቀመ። ድምፁን ወደ ስልኩ ሜሞሪ ኮፒ አድርጌ በሁለቱም በር፣ በኮንታክቱም በዋትስአፑም፣ እንደገና መረጥኩት። እግረ መንገዴን መጀመሪያው ላይ የነበረውን ባዶ ቦታ ቆረጥኩት። ወንድሜ ከመናገሩ በፊት ሦስት ሰከንድ ያህል የብርድ ልብስ መንኳኳት ብቻ ነበር። ለሚተኛ ሰው ሦስት ሰከንድ ብዙ ነው።

አርብ መጣ። ነቅቼ ልጠብቅ አልጠብቅ አሰብኩ። ነቅቼ ከጠበቅኩ መሥራቱን በምን አውቃለሁ? እኔ ስለምነሳ ማለት ነው። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ተኛሁ።

ያነቃኝ ስልኩ አይደለም። ያነቃኝ የእምዬ ድምፅ ነው። «አለሁ ልጄ፣ አለን፣ ሁላችንም ደህና ነን፣ አብሽሪ» ትላለች። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ለካ ስልኩ ጮሆ፣ እሷ ሰምታ፣ አንስታ፣ ብዙ አውርተዋል። እኔ ምንም አልሰማሁም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በእንቅልፌ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እማ «ዛሬስ እንዴት ቶሎ አነሳሽ?» ብላ ጠይቃት ነበር። እምዬም «ልጅሽ ጠራኝ» አለቻት። እማ አልገባትም። ስልኩን ተቀብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከጥሪ ማሳመሪያው እስከ ጀበናው። «እስቲ አሰሙኝ» አለች። ግን ስልኩ ከተነሳ በኋላ እንዴት ይጮሃል? ይሄኔ ወንድሜ ከእንቅልፉ ተነስቶ በዓይኑ ላይ ቅርንት ይዞ መጣና ስልኩን ቀማኝ። ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ «እማ ደወለች! እምዬ ተነሺ! እማ ደወለች!» ብሎ ጮኸ። እማ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን «ሄሎ? ሄሎ?» አልን። ከዚያ ሳቋ መጣ። አፏን በእጇ ይዛ እንደምትስቅ ያስታውቃል። «ላኩልኝ» አለች። «እዚህ ድምፅ መክፈት አልችልም፣ ግን በጆሮ ማዳመጫ እሰማዋለሁ።» ላክንላት።

አሁን የሰፈራችን እናቶች «ለኔም አድርጊልኝ» እያሉ ይመጣሉ። መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ማን ሲደውል ነው ማወቅ የሚፈልጉት?» ብዬ ነው። ጂዳ ልጅ ያላቸው አሉ፣ ቤሩት ልጅ ያላቸው አሉ። አንዷ ብቻ «እድር ሲደውል አሳውቂኝ፣ እንዳላነሳው» አሉኝ።

ለእናንተም ቤት አያት ወይም ዓይናቸው የደከመ ሰው ካለ እንድትሠሩላቸው ያገኘሁትን በአጭሩ ልጻፍላችሁ።

1ኛ. የጥሪ ማሳመሪያና ሪንግቶን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ለደዋዩ ነው፣ ያስከፍላል። ሁለተኛው ለእናንተ ነው፣ በነፃ ነው።

2ኛ. የቀዳችሁት ድምፅ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ሪንግቶንስ ወደሚለው ፎልደር ኮፒ አድርጉት። ሜሞሪ ካርድ ላይ ሳይሆን ስልኩ ላይ ይሁን።

3ኛ. ለአንድ ሰው ብቻ ማድረግ እምቢ ካለ ቁጥሩ ሲም ካርድ ላይ መሆኑን እዩ። ስልኩ ላይ መዝግቡት።

4ኛ. ሰውየው የሚደውለው በየትኛው መንገድ ነው? በዋትስአፕ ከሆነ እዚያው ውስጥ ገብታችሁ አስተካክሉ።

5ኛ. ምንም ድምፅ ከሌለ የጥሪው ድምፅ መቀነሱን ወይም «አትረብሹኝ» የሚለው መከፈቱን እዩ። የሙዚቃውና የጥሪው ድምፅ ልክ ለየብቻ ነው።

6ኛ. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ጻፉት፣ ሞክሩት። ማንም «ሶፍትዌር ይጫን» ካላችሁ ደግሞ ከመስማማታችሁ በፊት «ምን ይጠፋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻም ሥዕሌን አይተው ያልሳቁብኝን የአይሲቲ መምህራችንን፣ ባቄላውን ያስተማሩንን የሳይንስ መምህራችንን፣ አሥር ጊዜ «እስቲ ይደውሉ» ስላቸው ያልሰለቹኝን ጎረቤታችንን ከልብ አመሰግናለሁ። የእምዬን ጀበና ከመጪው የወንድሜ ሪንግቶን ገቢ እገዛላታለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ሁሉንም በነፃ ስለምሠራ አልቻልኩም። እማ ግን ለጀበና ብላ ለብቻው ልካለች።

ቸር ይግጠመን።

ከ7ኛ «ሐ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል